ናፍጣ ጄታ በ−30 ብርድ አልነሳም አለች፤ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ 3 ሰከንድ ሠርታ ትጠፋለች

ጄታ03

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ናፍጣ መኪና የምታውቁ እርዱኝ።

መኪናዋ የ2003 ፎልክስዋገን ጄታ ቲዲአይ ናት፤ 1.9 ሊትር፣ ሞተሯ ኤኤልኤች የሚባለው፣ ማርሿ ማንዋል። ቦታው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፤ የምታድረው ውጭ ነው። እስከ −12 ድረስ እያንገራገረችም ቢሆን ትነሳ ነበር (የምጽፈው ሁሉ በሴልሺየስ ነው)። ዛሬ ጠዋት −30 ሲሆን እንዲህ ሆነች፦

ቁልፉን ስከፍት ጥቅልል ምልክት ያላት ቢጫ መብራት በርታ 2 ሰከንድ ሳትሞላ ትጠፋለች። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይዞራል፣ ግን ከወትሮው በጣም ቀስ ብሎ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ብዙ ነጭ ጭስ አወጣች፤ በሁለተኛው 3 ሰከንድ ያህል እየተንቀጠቀጠች ሠርታ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ጭሱም እየቀነሰ ሄደ፤ አሁን ጭራሽ የለም። ታንኩ ግማሽ ነው። ናፍጣው ከ2 ሳምንት በፊት ካንሳስ ሲቲ የተሞላ ነው። የውስጥ ዘይቱ 15ደብሊው-40፣ ባትሪው 5 ዓመት ሆኖታል። በኤሌክትሪክ የሚሰካ የሞተር ማሞቂያ የላትም።

ከምን ልጀምር? ካንዴላ ነው፣ ባትሪ ነው ወይስ ናፍጣው?

ሰሜን ኮከብ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቁልፉን ደጋግመሽ ማዞር አቁሚ። አንድ ሙከራ ከ15 ሰከንድ አይለፍ፤ በመካከሉ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ 2 ደቂቃ ስጪው። በዚህ ብርድ እያንዳንዱ ከንቱ ሙከራ ከባትሪው ላይ የማይመለስ ጉልበት ይወስዳል። ሦስት ሞክረሽ ካልሆነ አራተኛው አይሆንም፤ ኮፈኑን ከፍተሽ መፈተሽ ይሻላል።

በተረፈ የጻፍሽው ምልክት ብዙ ነገር ይናገራል፤ በተለይ ጭሱ። ናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። እሳቱ የሚመጣው ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው ከሚፈጠረው ሙቀት ነው። ያንቺ ሞተር አየሩን 19.5 ጊዜ ያምቃል፤ በደህና ቀን ይህ ይበቃዋል። በ−30 ግን የቀዘቀዘው ብረት ሙቀቱን ይሰርቃል፣ ሞተሪኖው ቀስ ካለ ደግሞ አየሩ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ያመልጣል። ስለዚህ ነጭ ጭስ ማለት ናፍጣው ገብቷል፣ ተንኗል፣ ነገር ግን አልተቃጠለም፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ ሲሊንደር አልደረሰም። ያንቺዋ በነጭ ጭስ ጀምራ ወደ ምንም ጭስ ሄዳለች። ይህ ሁለት በሽታ በአንድ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ሙቀት አጥታለች፣ ቀጥሎ ናፍጣው ፊልትሮው ላይ ረግቷል። የናፍጣውን ነገር ሌላ ሰው በደንብ ያስረዳሻል፤ እኔ ስለ ሙቀቱ ልቀጥል።

የ2 ሰከንዷ መብራት በጣም ታጠራጥራለች። በ−30 ቢያንስ 10 ሰከንድ ያህል መቆየት ነበረባት። ኮምፒውተሩ ግሎው ፕለጎቹን (ማሞቂያ ካንዴላዎቹን) ምን ያህል ጊዜ እንደሚያበራ የሚወስነው በራዲያተር ውሃው ሙቀት ነው፤ ውሃው ከ9 ዲግሪ በላይ ነው ብሎ ካመነ ጭራሽ አያበራቸውም። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሲበላሽ «ሞተሩ ሞቅ ብሏል» ብሎ ይዋሻል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት በትክክል ስለሚሠራ ሴንሰሩ ደህና ነው እንዳትዪ፤ በአንዱ ቤት ውስጥ ሁለት ሴንሰር ነው ያለው፣ አንዱ ለቀስቱ፣ ሌላው ለኮምፒውተሩ። አንዱ ሞቶ ሌላው ሊኖር ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። የሴንሰሩን ሶኬት ንቀይና ቁልፉን ክፈቺ። ኮምፒውተሩ ምንም ሲያጣ የከፋውን ብርድ አስቦ ማሞቂያዎቹን ለረጅም ጊዜ፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያበራል። መብራቷ እንዲህ ከቆየች ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። አዲሱ ሴንሰር እስኪመጣ ሶኬቱን ነቅሎ ማስነሳትም ይቻላል።

ቀጥሎ ራሳቸውን ግሎው ፕለጎቹን ፈትሺ። አራት ናቸው። ገመዳቸውን ነቅለሽ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ ኦም ለኪ፤ ደህናው ከ1 ኦም በታች ያሳያል። ምንም የማያሳይ ከሆነ ውስጡ ተቃጥሎ ተበጥሷል። ኦም መለኪያ ከሌለሽ መሞከሪያ አምፖል በባትሪው ፖዘቲቭና በግሎው ፕለጉ ጫፍ መካከል አድርጊ፤ ካልበራ ሞቷል። አንዱ ሲሞት በ−5 ላይታወቅሽ ይችላል፣ ሁለት ሲሞቱ በ−15 ታንገራግራለች፣ በ−30 ግን በሁለት አትነሳም። መቀየር ካለብሽ አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሪ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነውና የቀሩትም ብዙ አይቆዩም። የሚፈቱት ሞተሩ ለብ ሲል ነው፤ በብርድ በጉልበት ከተፈታ የሲሊንደሩ ራስ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። ሲመለሱ 15 ኒውተን ሜትር ብቻ፤ ከዚያ በላይ አታጥብቂ።

አራቱም ደህና ከሆኑ ኤሌክትሪኩ ይደርሳቸው እንደሆነ እዪ። ባትሪው ክዳን ላይ ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ 50 አምፔር የብረት ፊውዝ አለ፤ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል፣ ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በሜትር ፈትሺው። የግሎው ፕለጎቹ የገመድ ማገናኛም በዚህ ዘመን ሞዴል ላይ ይላላል፣ ይቀልጣልም። ቁልፉ ሲከፈት ገመዱ ጫፍ ላይ የባትሪው ቮልት መታየት አለበት።

የማደያ ልጅ

ስለ ናፍጣው እኔ ልጨምር። ካንሳስ ሲቲ የተሞላ ናፍጣ በሚኒሶታ −30 መርጋቱ የሚጠበቅ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፤ ለኃይሉም ይጠቅማል፣ ብርድ ሲመጣ ግን ይረጋል። መጀመሪያ ናፍጣው ይደፈርሳል፤ ተራው ቁጥር 2 ናፍጣ ምንም ካልተደረገበት −10 አካባቢ መደፈረስ ይጀምራል። ገና ይፈስሳል፣ ግን የሰሙ ቅንጣቶች ፊልትሮው ወረቀት ላይ እየተለጠፉ ይዘጉታል። መኪናው ተነስቶ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋው ለዚህ ነው፦ ፊልትሮው ውስጥና ፖምፓው ውስጥ የነበረችው ትንሽ ናፍጣ ታስነሳዋለች፣ የሚተካት አይመጣም። ብርዱ ሲጨምር ታንኩ ውስጥ ያለው ራሱ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ይሆናል።

ማደያዎች ናፍጣውን የሚያዘጋጁት ለራሳቸው አካባቢ ብርድ ነው። ሰሜን ያሉት ቁጥር 1 ናፍጣ ይቀላቅሉበታል። ቁጥር 1 ከላምባ ጋር የሚቀራረብ ቀለል ያለ ናፍጣ ነው፣ ሰሙ ጥቂት ስለሆነ −40 አካባቢ ድረስ ይቋቋማል። ደቡብ የተሞላ ታንክ ይዞ ወደ ሰሜን የሚመጣ ሰው ከመድረሱ በፊት አሟጦ ሰሜን ላይ መሙላት አለበት። የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፣ የቤት መኪና ያላቸው ግን ይረሱታል። የባዮዲዝሉንም ነገር ልብ በሉ፦ የሚኒሶታ ሕግ በሞቃቱ ወራት ቢ20 (20 በመቶው ባዮዲዝል፣ ማለትም ከአትክልት ዘይትና ከመሳሰለው የተሠራ ናፍጣ የሆነ) ያስገድዳል፣ በብርዱ ወራት ወደ ቢ5 ይወርዳል። ቢ20 ከተራው ናፍጣ ቀድሞ ይረጋል፤ ስለዚህ ከመስከረም የተረፈ ናፍጣ ታንኩ ውስጥ ይዞ ታኅሣሥ መድረስ ጥሩ አይደለም።

ረግቷል ወይስ አልረጋም የሚለውን በግምት አትወስኚ። ከታንኩ ወይም ከፊልትሮው ትንሽ ናፍጣ በብርጭቆ ማሰሮ ቅጂና ውጭ አስቀምጪው። እንደ ውሃ ከጠራ ናፍጣው ደህና ነው። ከደፈረሰ ወይም እንደ ማር ከወፈረ መልሱን አገኘሽ። ከታች የውሃ ወይም የበረዶ ጠብታ ካየሽ ደግሞ የተለየ ችግር ነው፤ የረጋ ሳይሆን ውሃ ገብቶ የቀዘቀዘ ማለት ነው።

ረግቶ ከሆነ ይህን አድርጊ። አዲስ የናፍጣ ፊልትሮ ግዢ። ያንቺ ሞተር ከታንክ ናፍጣ የሚገፋለት የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለውም፣ ዋናው ፖምፓ ራሱ ነው የሚስበው፤ ስለዚህ ፊልትሮውን ባዶውን ከገጠምሽው አየር ሲስብ ይውላል። አዲሱን ፊልትሮ እስከ አፉ በንጹሕ ቁጥር 1 ናፍጣና የረጋ ናፍጣ በሚያቀልጠው መድኃኒት ሙዪው። የፓወር ሰርቪስ ቀይ ጠርሙስ ለዚህ ነው የተሠራው፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቢ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን ቲ ቅርጽ ማገናኛ ቅንጥቡን አውጥተሽ ከነቱቦዎቹ ሳብ አድርጊው፣ ቱቦዎቹን አትንቀዪ። ሁለቱን ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች በአዲስ ቀይሪ፤ የጠነከረ አሮጌ ቀለበት አየር ያስገባል። ያ ቲ ሞተሩ ሲሞቅ ከፖምፓው የሚመለሰውን ሞቃት ናፍጣ ወደ ፊልትሮው የሚያዞር ነው፤ ከተበላሸ መኪናዋ ብትነሳም መንገድ ላይ ልትዘጋ ትችላለች።

ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደው ቱቦ ገላጭ ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ተመልከቺው። አየር እንደ እንቁላል አረፋ ተያይዞ ካለፈ ገና አየር አለ።

ታንኩ 14.5 ጋሎን ነው፤ ግማሹ 7 ጋሎን ያህል ነው። እዚያ ላይ 7 ጋሎን ቁጥር 1 ብትጨምሪ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። በግምት በየ10 በመቶው ቁጥር 1 የመደፈረሻው ነጥብ በፋረንሃይት 3 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ 50 በመቶ ማለት 15 ፋረንሃይት ያህል፣ በሴልሺየስ ወደ 8 ዲግሪ ነው። ለ−30 ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ መከላከያ መድኃኒቱንም (የፓወር ሰርቪስ ነጩ ጠርሙስ፣ 32 አውንሱ ለ100 ጋሎን) ጨምሪበት። ነጩ ጠርሙስ የረጋውን አያቀልጥም፤ የሚሠራው ናፍጣው ገና ፈሳሽ ሳለ ከተጨመረ ብቻ ነው፤ ከቀዩ ጋር አታምታቺው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናዋን ጥቂት ሰዓት ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ነው። ታንኩ ውስጥ የረጋውን ምንም መድኃኒት እንደ ሙቀት አያቀልጠውም፤ ለመጎተቻ መኪና የሚከፈለው ገንዘብ ይቆጫል፣ ግን ፖምፓ ከመቀየር ይረክሳል።

አሮጌው ዘዴ

ትንሽ ቤንዚን፣ 10 በመቶ ያህል ጨምሪበት፤ ድሮ እንዲህ ነበር የሚደረገው። አሮጌ መርሴዲስ መመሪያዎች ራሳቸው ይፈቅዱት ነበር። ደግሞ በአየር ማስገቢያው ትንሽ ኢተር (በቀላሉ የሚቀጣጠል የማስነሻ ስፕሬይ) ብትነፊበት ወዲያው ትነሳለች።

ሰሜን ኮከብ

ወንድሜ፣ በአክብሮት እንዲህ ልበል፦ ሁለቱንም ምክር ለዚህች መኪና አትስጥ።

መመሪያው ይፈቅድ የነበረው ለ1970ዎቹና 80ዎቹ ሞተር ነው። የዚህች ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። ቤንዚን ያንን ልስላሴ ያጥበዋል። የእሳቱም ነገር አለ፦ የናፍጣ ትነት እሳት የሚይዘው ከ52 ዲግሪ ጀምሮ ነው፣ ለቁጥር 1 ደግሞ ከ38 ጀምሮ፤ የቤንዚን ግን በ−40 እንኳ ይነድዳል። ታንኩ ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ላዩ ላይ ያለው ትነት አደገኛ ይሆናል።

ኢተሩ የባሰ ነው። ግሎው ፕለግ ባለበት ሞተር ኢተር ሲነፋ የጋለው ጫፍ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ያቀጣጥለዋል። ምቱ በተሳሳተ ሰዓት ይመጣና የፒስተኑን ቀለበት ማረፊያ ይሰብራል፣ የግሎው ፕለጉን ጫፍ ይገነጥላል። «ተነሳች» ብለህ ትደሰታለህ፣ በሳምንቱ ዘይት መብላት ትጀምራለች። ኢተር የሚፈቀድላቸው ግሎው ፕለግ የሌላቸው ሞተሮች አሉ፣ እነሱም መጠኑን በሚቆጣጠር መሣሪያ ነው።

ጄታ03

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የለካሁት ይህ ነው።

የሴንሰሩን ሶኬት ስነቅለው መብራቷ 18 ሰከንድ ቆየች። ግሎው ፕለግ፦ 1ኛው 0.7 ኦም፣ 2ኛው ምንም፣ 3ኛው 0.8፣ 4ኛው ምንም። ፊውዙ ደህና ነው፣ ገመዱ ጫፍ ላይ 11.6 ቮልት አለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ናፍጣ በ2 ሰዓት ውስጥ ነጭና ወፍራም ሆነ። ባትሪው ያለ ሥራ 12.1 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር 7.8 ድረስ ይወርዳል። መኪናዋን ወደ ሞቃት ጋራዥ እያስጎተትኩ ነው። ከባትሪውና ከዘይቱ ምን ላድርግ?

ድርብ ባትሪ

ከባትሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም 7.8 የሚለው ቁጥር ብቻውን ይበቃል። በ−18 እንኳ በከባድ ጭነት ሲፈተሽ ጤነኛ ባትሪ ከ8.5 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። 12.1 ቮልት ደግሞ ግማሹ እንኳ እንደሌለ ይናገራል፤ ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። በጋራዡ ሙቀት ውስጥ ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ እንደገና አስፈትሺው፣ ግን 5 ዓመት የኖረ ባትሪ በዚህ አገር ሥራውን ጨርሷል። አዲሱን ስትገዢ ቀዝቃዛ ማስነሻ አምፔር የሚለውን ቁጥር እዪ። ያ ቁጥር የሚለካው በ−18 ነው፦ ባትሪው ለ30 ሰከንድ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው አምፔር። ማስቀመጫው ላይ የሚገባውን ከፍተኛውን ግዢ፤ ለዚህ ሞተር ከ700 በታች አልመክርም። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን እጅግ የበለጠ ስለሚያምቅ ለማዞር የሚፈልገው ጉልበት ብዙ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ጉልበቱ ያለቀ ባትሪ ውስጡ ያለው አሲድ ወደ ውሃ ስለሚቀርብ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል፤ ሙሉው ግን −50ን ሁሉ ይችላል። ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ካየሽ፣ ከሌላ መኪና በገመድ ለማስነሳትም ሆነ ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሪ፤ ይፈነዳል። የባትሪውን ገመዶች ጫፍም ፈትተሽ በሽቦ ብሩሽ ጥረጊ፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን ኔጋቲቭ ገመድ ጨምሮ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያለበት ገመድ አዲስ ባትሪን ያረጀ ያስመስለዋል።

ዘይቱ ቀጥሎ ነው፣ በእኔ አስተያየት ከባትሪው እኩል ጥፋተኛ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ለሞተሪኖው የማይከብድበትን ወሰን ይናገራል፦ 15ደብሊው የሚፈተሸው በ−20 ነው፣ 10ደብሊው በ−25፣ 5ደብሊው በ−30፣ 0ደብሊው በ−35። ስለዚህ 15ደብሊው-40 ዛሬ ጠዋት ከወሰኑ 10 ዲግሪ ውጭ ነበር። ሞተሪኖው ዘይት ሳይሆን ሊጥ ነበር የሚያማስለው። ለኤኤልኤች ፎልክስዋገን 505.00 የሚለውን የዘይት መስፈርት የሚያሟላ ሲንተቲክ 5ደብሊው-40 አድርጊ፤ የሚገባው ከነፊልትሮው ወደ 4.5 ሊትር ነው። ከዘይቱ ጋር የራዲያተር ውሃውንም ለኪ፤ ግማሽ በግማሽ ድብልቅ ወደ −37 ድረስ ይጠብቅሻል። ሰው እየጨመረ ውሃ ብቻ ሲያደርግበት ከርሞ ከሆነ ያ ወሰን የለም።

ዘላቂው መፍትሔ ግን የሞተር ማሞቂያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ጠርሙስ ሲገዛ ይኖራል። በውሃ ቱቦው ላይ የሚገጠም 1000 ዋት ማሞቂያ ለዚህ ሞተር ይገኛል፤ በ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ የሞተሩን ብረት ያሞቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚገባው ሙቀትና የሚያመልጠው እኩል ይሆናሉ። ከመውጣትሽ 3 ሰዓት ቀድሞ እንዲበራ ውጭ የሚሠራ ሰዓት ቆጣሪ አድርጊለት፤ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበላው። ሞተሩ እንዲህ ሲሞቅ ግሎው ፕለጎቹ የሚደክሙት ጥቂት ነው፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ባትሪውም ግማሽ ድካም ብቻ ነው የሚደርስበት።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አትቆጥቢ። እስከ 50 ጫማ 14 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ ከዚያ በላይ 12 ጌጅ፣ የውጭ አየር የሚችል። ቀጭን ቡናማ የቤት ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል። ማሞቂያው ይሠራ እንደሆነ ሰክተሽ ከማሽተት ይልቅ ሶኬቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርሶች መካከል ኦም ለኪ፦ 1000 ዋት ከሆነ 14 ኦም ገደማ፣ 400 ዋት ከሆነ 36 ኦም። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ካሚንስ ሞተር ያላቸው ራም ፒክአፖች ግሎው ፕለግ የላቸውም፤ አየር ማስገቢያው ላይ የኤሌክትሪክ መጥበሻ የመሰለ ማሞቂያ ነው ያላቸው። እነሱ ላይ ሁለቱ ባትሪዎች በአንድ ጊዜ ነው የሚቀየሩት፤ አንዱ ያረጀ ከሆነ አዲሱን ይመጠዋል። ኢተር እነሱም ላይ ክልክል ነው፣ መጥበሻው ላይ ይነድዳል። አዳዲስ ናፍጣ መኪኖች ላይ ጭሱን የሚያጸዳው ዴፍ የሚባለው ፈሳሽ −11 ላይ ይቀዘቅዛል፤ ያ አያስደንግጣችሁ፣ መኪናው ሳይቀልጥ ይነሳል፣ በኋላ ራሱ ያቀልጠዋል።

ደብረ ብርሃን ሾፌር

እዚህ እናንተ የምትሉት ብርድ የለም፣ ግን ጠዋት ጠዋት መሬቱ ውርጭ ይሆናል። አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር ጠዋት ብዙ ነጭ ጭስ አውጥቶ በግድ ነው የሚነሳው፤ ቀን ላይ ምንም የለበትም። ናፍጣው ረግቶ ይሆን? ላምባ ልጨምርበት?

ሰሜን ኮከብ

ወንድሜ፣ ናፍጣ በዜሮ አካባቢ አይረጋም። ላምባውን ተወው፤ የሚያለሰልስ ነገር የለውም፣ ፖምፓህን ይበላዋል። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያነሰ አየር ሲታመቅ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል፣ ስለዚህ በደጋ ናፍጣ ሞተር ለግሎው ፕለግ ያለው ፍላጎት ከቆላው ይበልጣል። መጀመሪያ ስድስቱንም (ወይም እንደ ሞተሩ አራቱን) ለካ።

ሁለተኛ ፈተና፦ ጠዋት ሳታስነሳ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ጫን ጫን አድርገው፣ ከዚያ አስነሳ። ያለወትሮው ቶሎ ከተነሳ፣ ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንክ እየተመለሰ ነው፤ አንድ ቦታ አየር የሚያስገባ ቱቦ ወይም ጉአርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ። ከታንክ እስከ ፊልትሮ ያለውን የጎማ ቱቦ በሙሉ ፈትሽ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ነጩ ጭስ ከቀጠለ ፒስተን ቀለበቱ አርጅቶ ማመቁ ቀንሷል ማለት ነው፤ ኮምፕረሽኑን አስለካ።

ጄታ03

አራት ግሎው ፕለግ፣ ሴንሰር፣ ፊልትሮ ከነላስቲኮቹ፣ ባትሪና ዘይት ተቀየረ። በጋራዡ ውስጥ በመጀመሪያው ተነሳች። ዛሬ ጠዋት በ−24 ውጭ አድራ ሁለት ጊዜ ቁልፍ ከፍቼ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቄ በ2 ሰከንድ ተነሳች። ማሞቂያው ገና አልተገጠመም። የቀረኝ ጥያቄ፦ ከተነሳች በኋላ ቆማ እስክትሞቅ ልጠብቅ ወይስ ወዲያው ልንዳ?

ድርብ ባትሪ

ቆማ አትሞቅም። ናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት የሚያቃጥለው ናፍጣ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በ−24 ግማሽ ሰዓት ብታቆሚያት የሙቀት ቀስቱ ብዙ አይነቃነቅም። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለ ናፍጣ ግድግዳውን አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ከተነሳች በኋላ 1 ወይም 2 ደቂቃ ጠብቂ፣ ዘይቱ ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) ድረስ እንዲደርስ። ነዳጅ መስጫውን አትርገጪ። ግሎው ፕለጎቹ ከተነሳች በኋላም እስከ 4 ደቂቃ ድረስ ማገዛቸውን ይቀጥላሉ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ2500 ዙር ካለፈ ግን ይቆማሉ፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ከ2000 አትለፊ። ከዚያ በዝግታ ንጂ፣ ቀስቱ እስኪነሳ ድረስ ከ2500 በታች። የማርሹም ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሁለተኛው ማርሽ መጀመሪያ ላይ እንቢ ይልሻል፤ አታስገድጂው፣ አንድ ኪሎሜትር ያህል ስትሄጂ ይለቃል። ስታስነሻት ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጪ፣ ሞተሪኖው ያንን የማርሽ ዘይት አብሮ እንዳያማስል። መብራት፣ የወንበር ማሞቂያና ማራገቢያም ከመነሳቷ በፊት ይጥፉ።

ታንኩ ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ባዶው ቦታ ላይ እርጥበት ይጤዛል፣ ውሃው ፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል። ፊልትሮው ሥር ባለችው ብሎን በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ቅጂ፤ ውሃ ካየሽ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አፍስሺው። ማሞቂያው እስኪገጠም ደግሞ ትርፍ ፊልትሮ ከነላስቲኮቹና አንድ ቀይ ጠርሙስ የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይኑሩ፤ ጠርሙሱን ግን ቤት አሙቀሽ ነው የምትጨምሪው፣ ራሱም ብርድ ውስጥ ካደረ ወፍሮ በቀላሉ አይቀላቀልም።